ቁንጥር ጨው

ወልቂጤ ውስጥ በባንክ መስኮት ጀርባ የሚቀመጥ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚያየው ፊትና አንገት ነው። በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጡ እናቶች ነጠላቸውን ፈታ ሲያደርጉ፣ ከአንዳንዶቹ አንገት ላይ እንቅርት ብቅ ይላል። ግጥም ለሚሞክር እንደኔ ላለ ሰው ይህ ይከነክናል። የአማርኛ የፍቅር ግጥም አንገትን አወድሶ አይጠግብም፤ ለእንቅርት የተረፈው ግን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው ተረት ነው።

ዘንድሮ ነገሩ መስኮቱን አልፎ ቤቴ ገባ። ቡታጅራ የምትኖረው የእህቴ ልጅ፣ የ13 ዓመቷ፣ አንገቷ ሥር ትንሽ እብጠት ወጣባት። ባለቤቴ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ዘመድ ሁሉ ስለ ልጅቷ አንገት ሲጨነቅ፣ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ገና ያልተወለደው ነው።

ታይሮይድ የተባለው ዕጢ ከማንቁርት በታች ክንፉን እንደ ዘረጋ ቢራቢሮ ተቀምጧል። ሥራው እንደ ዕድሜ ይለዋወጣል። ጽንስ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። ሲወለድ ከሙቀት ወደ ብርድ ይወጣልና፣ ዕጢውን የሚቀሰቅሰው የአንጎል መልእክት በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጅግ ይንራል፤ በቀናት ውስጥም ይረግባል። እስከ ሦስት ዓመት ገደማ አንጎል የሚታነጸው በዚሁ ሆርሞን ነው፤ ያን ጊዜ የጎደለው በኋላ አይሞላም። ጉርምስና ሲመጣ ዕጢው ከሰውነት ጋር ያድጋል፤ አዮዲን ካነሰው ደግሞ ያለችውን ለማብቃቃት ያብጣል፤ ይልቁንም በሴቶች ልጆች። የእህቴ ልጅ ደሟ ተመርምሮ ሆርሞኗ ደህና ሆኖ ተገኘ። አንገት ላይ የሚታየውን ሰው ሁሉ ያየዋል፤ አንጎል ውስጥ ለሚጎድለው ግን ተረት እንኳ አልወጣለትም።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን 120፣ ለነፍሰ ጡር 250 ማይክሮ ግራም አዮዲን ይመድባል። እኛ ባንክ ቤት ሳንቲም ሲጎድል ሳንቆጥር አናድርም፤ ይህ ግን የግራም ሚሊዮንኛ ሒሳብ ነው!

የደጋውን አዮዲን ዝናብ አጥቦ ወስዶታል፤ ስለዚህ በጨው መምጣት አለበት። እስከ 1990 ዓ.ም. ጦርነት ድረስ አዮዲን የገባበት ጨው ከኤርትራ በኩል ይመጣልን ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን፤ ያ ጨው አዮዲን አልተጨመረበትም። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶው 40 ያህሉ እንቅርት ነበረባቸው። በ2011 ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15ቱ ነበር፤ በ2016 ግን በ89ኙ።

ጨው በአዮዲን ቢመጣም ክፍት ካደረና ምድጃ አጠገብ ከተቀመጠ አዮዲኑ ይተናል። ክዳን ያለው ዕቃ ገዛሁ። ባለቤቴ ጎመኑ ከወረደ በኋላ ጨው ስትጨምር እናቴ ታጉረመርማለች። «ጨው ከድስቱ ጋር ካልበሰለ ምኑን ጨው ሆነ፣ ልጄ?» ትለኛለች። ምግቡን ግን ትበላለች፤ ትናንትም አስደገመች።