ሳይዘጋ የቆየው መደብር

መደብር የሚከፈተው ለትርፍ ነው፤ ይህን ለማወቅ የንግድ ትምህርት አያሻም። ማብራሪያ የሚያሻው ሌላው ነገር ነው። አንድ ድርጅት እያነሰና እየከሰመ ሲሄድ፣ በመሐል ከተማ ያሉትን በሮች አንድ በአንድ እየዘጋ፣ ርቀው ብቻቸውን የቆሙትን ጥቂት መደብሮች ስለ ምን ክፍት ያቆያል? መልሱን በ2005 ዓ.ም. በወልቂጤና በቡታጅራ አገኘሁት፤ ያገኘሁትን ግን በሙሉ አልጻፍሁትም። ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕዳ ክፍያ ነው።

በዚያን ጊዜ መጻሕፍትና የጽሕፈት መሣሪያ በሚሸጥ አንድ ድርጅት የሒሳብ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር፤ ስሙን ልተወው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀምሮ ሚሊዮኖች ፊደል በቆጠሩበት ዘመን አዲሱ አንባቢ መጽሐፍ ይሻ ነበርና፣ እንዲህ ያሉ መደብሮች መበራከታቸው ተገቢ ነበር። እኔ በደረስሁበት ጊዜ ግን የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የሁለቱን ከተሞች ንብረት ቆጥሬ፣ «ይዘጉ ወይስ ይቆዩ» የሚል የውሳኔ ሐሳብ እንዳቀርብ ታዘዝሁ።

ሁለቱ ከተሞች በካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። ወልቂጤ በጅማ መንገድ ከአዲስ አበባ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ቡታጅራ ደግሞ በዓለም ገና በኩል፣ የጢያን ትክል ድንጋዮች አልፎ፣ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ናት። በመካከላቸው የጉራጌ ተራሮች ተጋድመዋል። በእኛ አሠራር ለእያንዳንዱ መደብር የተለየ መኪና፣ የተለየ ጉዞ ያስፈልግ ነበር። ነዳጁ ብቻ እንኳ የሽያጩን ጉልህ ድርሻ ይበላል። እንግዲህ ይዘጉ ዘንድ ምን ከለከለ?

የመጀመሪያው ምክንያት ኪራይ ነው። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ የመደብሮቹ ኪራይ ከገበያው እጅግ ዝቅ ብሎ ቆይቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ቤት አንድ ጊዜ የለቀቀ ዳግመኛ በዚያ ዋጋ አያገኘውም። ሁለተኛው ክምችቱ ነው። አዲስ አበባ ያልፈለገችው መጽሐፍ ወደ እነዚህ ከተሞች ይላካል፤ መደርደሪያ ላይ እስካለ ድረስ በመዝገባችን በገዛንበት ዋጋ «ሀብት» ተብሎ ይቀመጣል። በሩ የተዘጋ ዕለት ግን ኪሳራነቱ ይገለጣል፤ ያንን ዕለት በራሱ የሥልጣን ዘመን ማየት የሚሻ ሥራ አስኪያጅ የለም።

ሦስተኛው ምክንያት ሰው ነው። በቡታጅራ የነበሩት ሻጭ 28 ዓመት አገልግለዋል። በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት ሥራ ተዘግቶ ለሚሰናበት ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ ሲሶ፣ በዚያም ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይከፈል ነበር። ደመርሁት፤ 360 ቀን ሆነ። ጡረታ ቢወጡ ግን ድርጅቱ ይህን አይከፍልም። ለጡረታቸው የቀረው 5 ዓመት ነበር።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በደጉ ዘመኑ ከ9 ሺህ በላይ መደብሮች የነበሩት የአሜሪካው ፊልም አከራይ ብሎክባስተር እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ብቻ ሲቀረው፣ የቀረው በኒውዮርክ ሳይሆን በኦሪገን ግዛት ቤንድ በተባለች ከተማ ነበር። ባለቤቶቹም በስሙ በፈቃድ የሚሠሩ የአካባቢው ሰዎች ነበሩ። ግንዱ ሲደርቅ ለምልሞ የሚቆየው የራሱን ሥር የሰደደው ቅርንጫፍ ነው።

የቡታጅራው መደብር ሥር ምን እንደ ነበረ ያየሁት በቆጠራው ሁለተኛ ቀን ነው። የዓመቱ ሽያጭ ከሞላ ጎደል በመስከረም ይጠቃለላል፤ ትምህርት ቤት ይከፈታል፣ በአዲስ አበባ የሚኖረውም የአገሬው ተወላጅ ለመስቀል ይገባል። በሌላው ወር ሣጥኑ ባዶ ነው። ይሁን እንጂ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች እየገቡ ቆመው ሲያነቡ፣ ሻጩ አንድም ቀን «ግዙ ወይም ውጡ» ሲሉ አልሰማሁም። ከገንዘብ ሣጥኑ ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አገኘሁ። ከዳር እስከ ዳር የመጻሕፍት ስም ተጽፎበታል።

«ጋሼ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሰው ጠይቆኝ ያጣሁለትን የምጽፍበት ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ይጠይቀኛል ብዬ።»

«ጠይቆዎት ያውቃል?»

«እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ።»

ገለጥሁት። መዝገበ ቃላት፣ የሒሳብ መልመጃ፣ ልብ ወለድ፣ ተውኔት፤ በአንድ ወር ተጠይቆ የታጣው ተጠይቆ ከተሸጠው ይበልጣል። እኛ ከአዲስ አበባ ሆነን «አንባቢ የለም» እንል ነበር። አንባቢው ነበር፤ ያልነበረው የሚፈልገው መጽሐፍ ነው። የተረፈንን ስንልክለት ኖረን፣ የተረፈንን አልገዛም ብለን ከሰስነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ ሪፖርቱን ጻፍሁ። ኪራዩን፣ ክምችቱን፣ 360 ቀኑን በዝርዝር አስፍሬ፣ ሁለቱም ይቆዩ አልሁ። ተቀባይነት አገኘ፤ እኔም መልካም እንደ ሠራሁ ቆጠርሁት። ስለ ደብተሩ ግን አላነሳሁም፤ ቅጹ ለሽያጭ እንጂ ላልተሸጠ ነገር ዓምድ አልነበረውም። ከዚህም የከፋውን በኋላ ተረዳሁ። መደብሩን ያቆየሁት በሻጩ የስንብት ክፍያ ነበርና፣ ያው ስሌት የሚዘጋበትንም ዓመት ወስኖ ነበር። በ2010 ዓ.ም. ጡረታ በወጡ ወር በሩ ተዘጋ። የወልቂጤውም ብዙ አልዘገየም።

ዛሬ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን፣ ቡታጅራ ደግሞ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናቸው፤ በጉብሬ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ አንባቢውም ያኔ ከነበረው ይበዛል። በእርግጥ ደብተሩን ብጠቅስ ኖሮ ያ ደካማ ድርጅት የተጠየቀውን ይልክ ነበር ብዬ አልምልም። ይሁንና መደብርን የሚያቆየው የመዝጊያው ወጪ ብቻ ሲሆን፣ ክፍት ሆኖም የተዘጋ ነው።

የሪፖርቱን ቅጂ እስካሁን ይዤዋለሁ። በመጨረሻው ገጽ «ሌላ አስተያየት» የሚል መስመር አለ። ከፊቱ በራሴ እጅ «የለም» ብዬ ጽፌበታለሁ።