የጥቅምት ማር በነሐሴ ይሰናዳል

የከተማ እመቤት ማርን የምታስበው በጥቅምትና በኅዳር፣ አዲሱ ማር ገበያ ሲወጣ ነው። ንብ አናቢው ቤተሰብ ግን ስለዚያ ማር የሚጨነቀው ቀደም ብሎ፣ ዝናቡ ሳያባራ በሐምሌና በነሐሴ ነው። ይህንኑ ለመመልከት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ ሆለታ የተጓዝነው በነሐሴ አጋማሽ ነበር።

ቡራዩን ካለፉ በኋላ ግራና ቀኙ የስንዴና የገብስ ማሳ፣ የባሕር ዛፍ ተክልና ጉም ነው። ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ስትሆን፣ የንብ ምርምር ማዕከልም ያለባት ከተማ ናት። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር 14 ቀፎ ንብ ያነባሉ። ቀፎዎቹ በጓሮው አጥር ሥር በእንጨት መቆሚያ ላይ ተደርድረው፣ ጣሪያቸው ሣር ለብሷል። ውኃ እንዳይቋጥሩ ሁሉም ወደ በራቸው በጥቂቱ ዘንበል ብለዋል።

«ዛሬ ቀፎ አንከፍትም እህቴ፤ ዝናብ ሲጥል ንብ ቁጡ ናት፤ እጩንም ብርድ ይመታዋል» አሉን ወይዘሮዋ። ሳይከፍቱ የሚመረምሩበትን ዘዴ ግን አሳዩን። ቀፎውን ከኋላ በኩል በእጃቸው ብድግ ያደርጉታል። ከከበደ ስንቅ አለው ማለት ነው፤ ከቀለለ ማታ ምግብ ይሰጠዋል።

በአገራችን ክረምት የንብ ጠላት ብርዱ ብቻ አይደለም። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ንቦቹ መውጣት አይችሉም፤ ቢወጡም አበባው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚኖሩት ቀድመው ባከማቹት ማር ነው። ማሩ ካለቀ ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ትቀንሳለች፤ ረኃቡ ሲጠና ደግሞ መንጋው ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል።

የነሐሴ ረኃብ ጉዳቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። እንቁላሉ ከተጣለ ጀምሮ ሠራተኛዋ ንብ ከእንጀራው እስክትወጣ 21 ቀን ያህል ይፈጃል። ከዚያም አበባ ለመቅሰም ከመሰማራቷ በፊት ሦስት ሳምንት ያህል በቀፎው ውስጥ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች። እንግዲህ ነሐሴ 10 ቀን ከተጣለ እንቁላል የምትገኘው ንብ ለቅስም የምትደርሰው መስከረም 17 ቀን፣ ለመስቀል ገደማ ነው። አደይ አበባው፣ መጩና ማገጡ ሜዳውን ሲሸፍኑት የሚቀስሙት በነሐሴ ያደጉት ንቦች ናቸው ማለት ነው።

ይህ ቤተሰብ ነገሩን የተማረው በኪሣራ ነው። ባለቤታቸው እንዲህ ሲሉ አጫወቱን፦ «ከመስከረም በፊት የምናገኘው ገንዘብ የሰኔው ማር ብቻ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ለደብተርና ለዩኒፎርም ይሁን ብለን ጠርገን ቆረጥነው። እሷ ‹ተው፣ ለንቦቹ ይቅርላቸው› ብላኝ ነበር። ነሐሴ ላይ አምስት ቀፎ ባዶውን ቀረ። አደይ ፈንድቶ የሚቀስምልን ጠፋ።»

ከዚያን ጊዜ ወዲህ የሰኔውን ማር ምን ያህል እንደሚቆረጥ የሚወስኑት ወይዘሮዋ ናቸው። ለትምህርት የሚሆነውም ገንዘብ ከኅዳሩ ሽያጭ ላይ ቀደም ብሎ ተቀንሶ ይቀመጣል።

ስንቅ ላነሰው ቀፎ አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር የፈላ ውኃ ተሟሙቶ፣ ከቀዘቀዘ በኋላ ይሰጠዋል። ጊዜውም ምሽት ነው፤ ቀን ከሆነ ሽታው የሌላ ቀፎ ንቦችን ጠርቶ ዝርፊያ ያስነሣል። በሶም በደረቁ ይቀርባል። ስኳር እንደምናውቀው ርካሽ አይደለምና ከቤቱ ሻይ ላይ ይቆጠባል። ታናሺቱ ልጅ ለንቦቹ የተለየውን ጣሳ ማንም እንዳይነካ ትጠብቃለች። አደይ መፈንዳት ሲጀምር ምግቡ ይቆማል፤ አለዚያ ስኳሩ ከማሩ ጋር ይቀላቀላል። «ሰው የሚገዛን አምኖን ነው» ይላሉ እናት።

ሌላው ሥራ ጥበቃ ነው። ጉንዳን እንዳይወጣ በመቆሚያዎቹ እግር ዙሪያ አመድ ይነሰነሳል፤ ሣሩ ይታጨዳል። ዝናቡ ፋታ በሰጠበት ፀሐያማ ቀን ደግሞ ንብ የለቀቀችው ባዶ እንጀራ ብል እንዳይገባበት ይወጣል። የስንዴ አረም በመድኃኒት የሚረጨውም በክረምቱ ስለሆነ፣ ርጭቱ ንቦቹ ከገቡ በኋላ ወደ ምሽት እንዲሆን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተስማምተዋል።

በቀድሞው ልማድ ቀፎ የሚሰቀለው ከረጅም ዛፍ ላይ ነበር፤ ማሩም የሚቆረጠው በሌሊት በመሆኑ ሥራው የወንድ ነበር። የሴቲቱ ድርሻ ጠጁን መጣል ነበር። ቀፎው ከዛፍ ወርዶ ጓሮ ሲገባ ግን እናት ከልጅና ከወጥ ሳትርቅ የምትከታተለው ሥራ ሆነ። በዚህ ግቢ ማጨሻውን በኩበት አቀጣጥለው፣ ዓይነ ርግብ ለብሰው ቀፎ የሚከፍቱት ወይዘሮዋ ናቸው። የሽያጩንም ሒሳብ የሚይዙት እሳቸው ናቸው።

በጥቅምት ገበያ ወጥተን የማር ዋጋ ስንከራከር፣ በክረምቱ ለንቦቹ የተተወውን ማርና ከሻይ ላይ የተቆጠበውን ስኳር አብረን ብናስብ መልካም ነው። ጓሮ ያላት እናትም ሥራውን ለመጀመር ካሰበች፣ ከልጆችና ከመተላለፊያ ራቅ ያለ ቦታ መርጣ በአንድ ወይም በሁለት ቀፎ ትሞክረው። የመጀመሪያውን ክረምት ንቦቿን ሳታስርብ ካሳለፈች፣ የሥራውን ትልቁን ክፍል አወቀችው ማለት ነው።