ርዕሰ መምህራን ከቴዎድሮስና ከምኒልክ ምን ይማሩ?

በትምህርት ቤት አመራር ሥልጠናዎች ላይ የነገሥታት ስም ሲነሳ የሚወደሰው ራዕያቸውና ቆራጥነታቸው ነው። ራዕይ ግን በየርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የሚጎድለው ዕቅዱን በእጃቸው የሚፈጽሙት ሰዎች የሚሰጉትን ነገር ማድመጥ ነው። ሁለቱን ንጉሠ ነገሥታት ጎን ለጎን ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

አፄ ቴዎድሮስ በ1847 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ወታደሩ ከዘረፋ ወጥቶ በደመወዝ እንዲተዳደር ፈለጉ፤ ለዚህ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ ከእነሱ የተረፈው የቤተ ክርስቲያን መሬት ለሚገብር ገበሬ ይሰጥ አሉ። እንደ ሒሳብ ከታየ የሚያስኬድ ነው። በዚያ መሬት የሚኖረው ካህን ግን ነገ ምን ይበላል ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረም፤ ካህኑ ደግሞ የሕዝቡ ንስሐ አባት ነው። ጳጳሱ አቡነ ሰላማም ከንጉሡ ጋር ተጋጭተው መቅደላ ላይ ታሰሩ፤ እዚያውም ዐረፉ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ሲደርስ በንጉሡ እጅ የቀረው ከመቅደላ ዙሪያ ብዙም አያልፍም ነበር።

አፄ ምኒልክ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሊከፍቱ ሲነሱም ከካህናቱ ተቃውሞ ገጠማቸው፤ የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ተባለ። ንጉሡ ስጋቱን አልናቁትም፣ ዓላማቸውንም አልተዉም። በእምነት ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር አንድ የሆኑ መምህራንን ከግብፅ ኮፕቶች አስመጡ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ እያስተማረ ቀጠለ፤ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

የቴዎድሮስን ውድቀት በካህናት ቅሬታ ብቻ ማስረዳት አይቻልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የየአውራጃው መኳንንት አመፅም፣ የንጉሡ የራሳቸው ጭካኔም ነበረበት። ቢሆንም መኳንንቱ ሲያምፁ ሕዝቡን ከንጉሡ ጎን ሊያቆም ይችል የነበረው ካህን ተገፍቶ ነበር። ድርድር ለውጥን ያሳንሳል የሚለው ሙግት ይበልጥ ይከብዳል። የምኒልክ ትምህርት ቤት በአብዛኛው የመኳንንት ልጆች የተማሩበት ነበር፤ ጭሰኛው ልጁን ለማስተማር ብዙ ዘመን ጠብቋል። ይህ ዋጋ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን የተከፈተ ትምህርት ቤት ኋላ ሊሰፋ ይችላል፤ በአመፅ የፈረሰ ዕቅድ የሚሰፋበት ነገር የለውም። ንጉሥና ርዕሰ መምህር አይወዳደሩም ለሚለውም መልሱ አጭር ነው፦ ሠራዊትና እስር ቤት ለነበረው ንጉሥ በግድ ያልሆነው፣ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ለያዘ ርዕሰ መምህር እንዴት ይሆንለታል?

ሰባ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የሚያስተምር መምህር ተከታታይ ምዘናን ሲቃወም ቶሎ “ለውጥ አደናቃፊ” ይባላል። ሰውየው የሚሰጋው ግን ሌሊት ተቀምጦ የሚያርመውን የወረቀት ክምር ነው። የዲፓርትመንት ባልደረቦች እርማቱን ቢጋሩት፣ ማንም የማያነበው ሪፖርት ቢቀርለት፣ ምዘናው ራሱ ሳይነካ ተቃውሞው ይረግባል። አንዳንዱ ተቃውሞ ስንፍና መሆኑን አልክድም፤ ግን ስንፍናውን ከስጋቱ መለየት የሚቻለው ከሰሙ በኋላ ነው። ርዕሰ መምህራን ሆይ፣ የመጪውን ዓመት ዕቅድ ከማጽደቃችሁ በፊት አብዝተው የሚቃወሙትን መምህራን ጥሩና ይህ ዕቅድ ምን እንደሚያሳጣቸው ጠይቋቸው።