ኀዘን ከተስፋ ጋራ

ሞት ለሰው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ወደ ቤት በገባ ጊዜ ለያንዳንዱ እንግዳ ይሆንበታል። በጎረቤቱ ልቅሶ ላይ «የማይቀር ዕዳ ነው» እያለ ያጽናና የነበረ ሰው፥ የገዛ ልጁ በታመመበት ሌሊት ያ ቃል ከአፉ ይጠፋበታል። ስለዚህ የክርስቲያን ተስፋ የሚመዘነው በበዓልና በሰርግ ቀን አይደለም፤ ሰው ይደገፍበት የነበረው ሁሉ በተወሰደበት ቀን ነው እንጂ።

እንዲህ ያለው ቀን በአዲስ አበባ ላይ በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. ደርሶ ነበር። በዓለም ሁሉ የተነሣው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ገብቶ፥ ባየለበት ወር ስም «የኅዳር በሽታ» ተባለ። ትልቁን ከትንሹ አልለየም፤ አልጋ ወራሹ ተፈሪ መኰንን እንኳ በብርቱ ታመው ድነዋል። አባትና እናት ከነልጆቻቸው ባንድነት ሲተኙ ውኃ የሚያቀብል ጠፋ፤ የሞተውን የሚገንዝ፥ ቃሬዛ የሚሸከም፥ መቃብር የሚቈፍር ታጣ።

በአገራችን ሥርዓት ክርስቲያን ሲያርፍ ብቻውን አይሄድም። የነፍስ አባቱ ያናዝዘዋል፤ ካህናት ግንዘቱን ይደግሙለታል፥ ፍትሐት ያደርሱለታል፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ያለቅሳል፤ ሣልስቱ፥ ሰባቱ፥ አርባው፥ ሰማንያው፥ ሙት ዓመቱም በየተራቸው ይታሰባሉ። ይህ ሁሉ ለሞተው ጸሎት ነው፤ በሕይወት ለቀረው ደግሞ መሰላል ነው፤ ኀዘንተኛው ከጥልቅ ኀዘኑ ደረጃ በደረጃ ይወጣበታል። የኅዳር በሽታ ይህን መሰላል ከብዙ ሰው እጅ ነጠቀ።

መሰላሉ በተነጠቀ ጊዜ ሁለት ክፉ መካሪዎች ወደ ልብ ይመጣሉ። አንደኛው «የሞቱት ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች ስለ ነበሩ ነው» ይላል። ይህን ጌታ ራሱ አፍርሶታል፤ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው የሞቱት 18 ሰዎች በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ አስተምሯልና። የኢዮብ ወዳጆችም ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው በመሬት ላይ አብረውት በተቀመጡ ጊዜ አጽናኞች ነበሩ፤ አፋቸውን ከፍተው በደሉን ሊመረምሩ በጀመሩ ጊዜ ግን ከሳሾች ሆኑ። ኢዮብም የመከራውን ምክንያት ሳይነገረው እግዚአብሔርን አገኘ።

ሁለተኛው መካሪ «የሚያለቅስ ሰው እምነት የለውም» ይላል። ይህም ሐሰት ነው። ጌታ አልዓዛርን ጥቂት ቈይቶ እንደሚያስነሣው እያወቀ በወዳጁ መቃብር አጠገብ አለቀሰ። ሐዋርያው ጳውሎስም ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ሲጽፍ ኀዘንን አልከለከለም፤ የከለከለው ተስፋ የሌለውን ኀዘን ነው። ስለዚህ ተስፋ ዕንባን አያደርቅም፤ ዕንባ ወዴት እንዲፈስ ያሳየዋል እንጂ።

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር በሰምና በወርቅ ያስተውለዋል። አንጥረኛ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ከዚያ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳት ላይ ባኖረው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይፈሳል፥ ባዶ በቀረውም ስፍራ ወርቁ ይገባል። የሰሙን መቅለጥ ብቻ ያየ ሰው «ሥራው ጠፋ» ይላል። ነገር ግን ለሰሙ የሚያለቅስ ሰው አይነቀፍም፤ የሚወደውን መልክ ያየው በሰሙ ላይ ነበርና። ወርቁም የሚይዘው ያንኑ መልክ ነው። እንግዲህ በትንሣኤ የሚነሣው ሌላ እንግዳ ሰው አይደለም፤ እናት የወለደችው፥ ስሙን ጠርታ ያሳደገችው፥ ያው ልጅዋ ነው እንጂ።

ተስፋ ደግሞ ሥራ አለው። ትንሣኤን የሚጠብቅ ሰው በሽተኛውን አይሸሽም፤ ሲራክ ሐኪምን አክብር ብሎ ስለ መከረ መድኃኒትንም አይንቅም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ፍቅር በመራቅ ይገለጣል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር የኮሮና በሽታ በአገራችን በተገኘ ጊዜ፥ ብዙው ምእመን ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ከቤተ ክርስቲያን ርቆ በቤቱ አሳለፈ። በዚያ ዘመን እናቱን በጥቂት ሰው የቀበረ፥ ኀዘንተኛ ወዳጁንም አቅፎ ማልቀስ የተከለከለ ሰው ቍስሉ እስከ ዛሬ አልጠገገ ይሆናል። እርሱ የጐደለውን እንደ በደል አድርጎ በራሱ ላይ አይቍጠረው። ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው ያንቀላፉትን ሁሉ ታስባለች፤ አልቃሽ ያልተገኘለት፥ መቃብሩም የጠፋበት ሰው ከዚህ ጸሎት ውጭ አይደለም።

ኅዳር 12 ቀን፥ በቅዱስ ሚካኤል በዓል፥ ሰው ሁሉ ጥራጊውን ከደጁ ሰብስቦ ያቃጥላል፤ ይህም «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ነው። ጢሱን ሽቶ ፊቱን የሚያዞር ብዙ ነው። ይልቁንስ የቤቱ ጌታና እመቤት ልጆቻቸውን በእሳቱ ዙሪያ አቁመው፥ በ1911 ዓ.ም. ያለ ልቅሶ ስለ ተቀበሩት «ነፍስ ይማር» ቢሉ፥ ከዚያም በሰፈሩ ጠያቂ አጥቶ የተኛውን በሽተኛ ፈልገው ውኃና እንጀራ ቢያደርሱለት፥ ቀኑ በእውነት የታጠነ ይሆናል።

እግዚአብሔር ላረፉት ዕረፍትን፥ ለታመሙት ምሕረትን፥ ላዘኑት መጽናናትን ይስጥ፤ አሜን።