ብረት ብረት የሚል ሽሮ

እማዬ ኬሞውን ችላው ነበር። ያስመረራት አንቲባዮቲኩ ነው።

ከሁለተኛው ዙር ከሳምንት በኋላ ትኩሳቷ 38.4 ደረሰ። ለኔና ለናንተ ፓናዶል ውጠን የምንተኛበት ነገር ነው። ነጭ የደም ሴሉ ላለቀበት የኬሞ ታካሚ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል፤ ስለዚህ የትኛው ጀርም እንደሆነ እስኪለይ አይጠበቅም፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ይጀመራል። ቫንኮማይሲኑ ፈጠን ብሎ ሲገባባት ፊቷና አንገቷ በርበሬ መሰለ፣ ያሳክካት ጀመር። ነርሷ ጠብታውን ስታዘገየው ተወት አደረጋት።

ከዚያ ተቅማጡ መጣ። ኮድ ሲበላሽብኝ አንድ ነገር ብቻ ቀይሬ ነው የምሞክረው፤ እዚህ ግን አምስት መድኃኒት አብሮ ይሄዳል። ቢያንስ ሰዓቱን ስልኬ ላይ መመዝገብ ያዝኩ። ሐኪሙ አይቶት ሰገራዋን አስመረመረ። አንቲባዮቲክ የአንጀትን ደህና ባክቴሪያዎች ሲጨርስ፣ ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል የሚባል ቦታውን ይወርሳል። መድኃኒቱስ? ሌላ አንቲባዮቲክ፣ ሜትሮኒዳዞል። (ሳቄ መጣ፣ እውነቴን ነው።)

ተቅማጡ ቀነሰ፤ አፏ ግን ተበላሸ። "ሳንቲም የላስኩ ነው የሚመስለኝ" ትላለች። ውሃው ብረት፣ ከቤት ያመጣሁት ሽሮ ብረት። ሦስት ቀን ሙሉ ከሁለት ጉርሻ አላለፈችም።

"የኔ ልጅ፣ ይሄን ንቀሉልኝና ቤቴ ልግባ" አለችኝ።

የደም ውጤቱን አሳየኋት። ኒውትሮፊሏ 200 ነበር፣ ዛሬ 600 ገብቷል። ወረቀቱን አገላብጣ አየችው።

"ስንት ሲገባ ነው ሽሮ ሽሮ የሚለኝ?"