በሩን ያሳየ መንግሥት በሩንም ይጠብቅ

እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2017 ዩክሬን ውስጥ የተነሣ የሳይበር ጥቃት የዴንማርኩን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን በሰዓታት ውስጥ ሽባ አደረገው። ኩባንያው 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ ለመጫን ተገደደ። ኪሳራው እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ።

ቫይረሱ በየት ገባ? በዩክሬን ድርጅቶች ሒሳብ ለመያዝና ግብር ለማሳወቅ በስፋት በሚጠቀሙበት ኤም.ኢ.ዶክ በተባለ ሶፍትዌር በኩል። የአገሩን ሕግ አክብሮ ግብሩን ያሳወቀ ባለሀብት በዚያው በር ተመታ።

እ.ኤ.አ. በ2020 አሜሪካ ስድስት የሩሲያ ወታደራዊ ደኅንነት መኮንኖችን ከሰሰች። ክስ ግን ካሳ አይደለም።

ይህ ለኢትዮጵያ ሩቅ ወሬ አይደለም። የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017 ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ባንክ ይዞት የሚመጣው ዋናው ሀብት ደግሞ ሕንፃ ሳይሆን ሲስተምና መረጃ ነው። ታዲያ ሕጉ ምን ይላል? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሰርጎ ገቡን ይቀጣል። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መንግሥት የባለሀብቱን ንብረት ያለ ካሳ እንዳይወስድ ይከለክላል። ሌላ ወገን ባሕር ማዶ ተቀምጦ መረጃውን ቢያወድምስ? መንግሥት አስቀድሞ ምን ማድረግ ነበረበት ለሚለው ጥያቄ ሁለቱም ግልጽ መልስ የላቸውም።

በብዙ የኢንቨስትመንት ስምምነቶች ውስጥ “ሙሉ ጥበቃና ደኅንነት” የሚል ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 የስሪላንካ ጦር ከአማፂያን ጋር ሲዋጋ የአንድ የሆንግ ኮንግ ኩባንያ የሽሪምፕ እርሻ ወደመ። በ1990 የግልግል ዳኞች ስሪላንካ ካሳ እንድትከፍል ወሰኑ። ምክንያታቸው ጉዳት መድረሱ ብቻ አልነበረም፤ መንግሥት ማድረግ የሚገባውን ጥንቃቄ አለማድረጉ ነው።

“የትኛውም አገር ሁሉንም ጥቃት መከላከል አይችልም” የሚሉ ትክክል ናቸው። የሚጠየቀውም ይህ አይደለም። የሚጠየቀው ተገቢ ጥንቃቄ ነው። መንግሥት ግብሩንም ፈቃዱንም “በዚህ ሲስተም ፈጽሙ” ካለ ሲስተሙን በየጊዜው ያስፈትሽ። ክፍተት ሲገኝ በስንት ሰዓት ውስጥ ለማን እንደሚነገር በሕግ ይወሰን። የራሱ ቸልተኝነት ሲረጋገጥ ደግሞ ይካስ። በዚያው በር የሚገባው የመርካቶ ነጋዴም በዚህ ይጠበቃል።

አሁን ያለው ሕግ ግን ወንጀለኛውን ፍለጋ የሚነሣው በዋናነት ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉታል ይህንን።