ቀዝቃዛ አየር ሁሉ ንጹህ አይደለም



በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ፈተና ውጤት ልንጽፍ አስበን ነበር። ዓመቱን መለስ ብለን ስናየው ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተማረን የመማሪያ ክፍሎቻችን አየር ሆኖ አገኘነው።

ጅቡቲ ከተማ የምንኖር ሁሉ ሙቀቷን እናውቃለን። ከሚያዝያ ጀምሮ ይበረታል፤ በሰኔ ደግሞ የካምሲን ነፋስ አቧራውን ይዞ ይደርሳል። ያን ጊዜ የሁላችንም የመጀመሪያ ሥራ መስኮት መዝጋት ነው። እኛም በትምህርት ቤታችን ይህንኑ አደረግን። የመብራት ሂሳቡ ስለከበደን የኤሲው ቅዝቃዜ እንዳይወጣ የመስኮቱን ክፍተት በፕላስተር ደፈንን፤ «በር ዝጉ» የሚል ወረቀትም ለጠፍን። ወጪ ቆጠብን ብለን ደስ አለን።

ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎች ረፋድ ላይ ያንቀላፉ ጀመር። ራስ ምታትና ሳልም በዛ። «ሌሊት ስልክ ሲነካኩ እያደሩ ነው» ብለን ገሠጽናቸው፤ ወላጅም አስጠራን። ከተጠሩት መካከል በሰው ቤት በተመላላሽነት እየሠሩ ልጃቸውን የሚያስተምሩ አንዲት እናት ነበሩ። የዕለት ሥራቸውን ትተው መጡ። ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ቆይተው፣ «ልጄስ በጊዜ ነው የሚተኛው። ይህ ክፍል ግን ያፍናል፤ እኔንም ራሴን ከበደኝ» አሉን።

የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅን። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ኤሲ ከውጭ አዲስ አየር አያስገባም፤ የክፍሉን አየር ስቦ፣ አቀዝቅዞ መልሶ ይተፋዋል። ልጆች የሚያስወጡት ትንፋሽ እዚያው ይጠራቀማል። ከደጅ ካለው አየር 1 ሚሊዮን እጅ ውስጥ 420 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሰው በሞላበት ዝግ ክፍል ግን ከ2,000 ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ሐሳብ ይበተናል፤ ዓይን ይከብዳል። የአንዱ ጉንፋንም ለሌላው ይዳረሳል። የኤሲውን ማጣሪያ ስንከፍተው አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎበት አገኘነው።

አሁን ጠዋት ተማሪ ከመግባቱ በፊትና በየክፍለ ጊዜው መካከል መስኮት እንከፍታለን፤ ማጣሪያውን በየወሩ በውኃ እናጥባለን። አቧራ በሚነፍስባቸው ቀናት መክፈት ስለማይቻል ተማሪዎችን በሁለት ክፍል እናካፍላለን። የመብራት ሂሳባችን ጥቂት ጨምሯል፤ ማንቀላፋቱ ግን ቀንሷል።

የተሳሳትነው ሂሳቡ ላይ ነበር። የመብራቱን ደረሰኝ ቆጠርን፤ የሐኪሙን፣ የመድኃኒቱንና የታክሲውን፣ ልጅ ለማስታመም ከሥራ የቀረ ወላጅ ያጣውን ገቢ፣ ያመለጠውንም ትምህርት አልቆጠርንም። የዓለም ባንክ የውጭና የቤት ውስጥ አየር ብክለት እ.ኤ.አ. በ2019 በጤና ላይ ያደረሰውን ጉዳት 8.1 ትሪሊዮን ዶላር፣ ማለትም ከዓለም ጠቅላላ ምርት 6.1 በመቶ ገምቶታል።

ነገሩ እኛ ቤትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ የማብሰያ ጭስ ምክንያት 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአንድ ክፍል ቤት ነው፤ ቡናውም ዕጣኑም እዚያው ይጨሳል። ወጋችን ይቅር አንልም። ከሰሉ ግን ደጅ ይቀጣጠል፤ ቡናው ሲፈላም በሩ ይከፈት። ኤሲ ከፍቶ፣ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ አደገኛ ነው፤ ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ጭሱ አለቀ ስንል እንኳ ሊገድል ይችላል።

ያቺን እናት ይቅርታ ጠይቀናቸዋል፤ በዚህ ገጽም እንደግመዋለን። የዚያን ዕለት ገቢያቸውን ግን ማንም አልተካላቸውም። በመጪው ዓመት ልጅ አንቀላፋ ብለን ወላጅ ከማስጠራታችን በፊት ክፍሉን ገብተን እናያለን።

መልካም የዕረፍት ጊዜ ይሁንላችሁ።